የዙፋን ምትክ

ሮቢት ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አንዲት ወጣት እቅፍ ሙሉ ጥንቅሽ ይዛ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። ጥንቅሹ ገና ዛሬ የተቆረጠ ነው፤ ቅጠሉም አልተላጠም። ያንን ሽታ ለማያውቅ ሰው እንዴት ብዬ እንደምነግረው አላውቅም። የሣር ነው እንዳልል ይጣፍጣል፣ የስኳር ነው እንዳልል አቧራና ፀሐይ አለበት። ልጅቱ አንድ አንጓ ሰብራ «እንኩ እትዬ፣ የራያ ጥንቅሽ ነው፣ አይቅርብዎት» አለችኝ። «ጥርሴን ያመኛል» ብዬ ዋሸኋት። ጥርሴ እንኳን ጥንቅሽ ድንጋይም ቢሆን አያቅተውም። የማልበላው ልጅ ሆኜ ስለጠገብኩት ነው። አንድ መኸር ሙሉ ብቻዬን ማማ ላይ ተቀምጬ ሳኝከው የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ለዕድሜ ልክ የሚበቃኝን ያኔ ጨርሻለሁ። ሽታው ግን እስከ ቆቦ ድረስ አልለቀቀኝም። እኔም ከልጅቱ ጋር ወሬ ሳልጀምር፣ በመስኮቱ ማሽላ ማሽላውን እያየሁ ደረስኩ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ክፉው ቀን ባለፈ በዓመቱ ነው። ዝናቡ ተመልሷል፤ ሰዉ ግን አልተመለሰም። ከፊሉ ሞቷል፣ ከፊሉ ለሰፈራ ተብሎ ወደማያውቀው አገር ተጭኗል፣ ከፊሉ ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም። የእናቴ ታላቅ እህት አሰገደች ቆቦ ነበር ቤቷ። ባሏ በዚያ ዓመት ሞተ። አንድ ልጇ ዙፋን ደግሞ መጠለያ ውስጥ ጠፋችባት። ልጅቱን ትኩሳት ያዛትና የበሽተኞች ድንኳን አስገቧት፤ እናቷ እህል ልትቀበል ተሰልፋ ስትመለስ በሽተኞቹን ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸዋል። የት ብላ ብትጠይቅ አንዱ «እናት ከሌላቸው ልጆች ጋር በመኪና ጭነዋታል፣ ማሳደጊያ ገብታለች» ይላታል፤ ሌላው «ሰፈራ ከሚሄዱት ጋር አይቻታለሁ» ይላታል። ሞታለች ያላት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ጥቁርም አልለበሰችም።

ሰኔ ላይ እኛ ቤት መጣች፣ ግዳን፣ ደጋው ላይ። የመጣችው ልጅ ልትለምን ነው። በኛ አገር ይህ ነውር አይደለም፤ ቤቷ ባዶ የሆነባት እህት ከእህቷ ልጆች አንዷን ትጠይቃለች፣ ሰጪዋም አትከለክልም። እኛ ቤት አራት ሴቶች ነበርን። እኔ የተመረጥኩት በቁንጅናዬ እንዳይመስላችሁ፤ ለቁንጅናማ ታላቄ ነበረች። አክስቴ ተራ በተራ አቆመችንና እኔ ጋ ስትደርስ መዳፏን አናቴ ላይ አሳርፋ በቁመቴ ልክ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ወሰደችው። መዳፏ ደረቷ ላይ ዐረፈ። «እዚህ ጋ ነበረች» አለች። እናቴ ዘወር ብላ እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች።

በማግስቱ እናቴ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ድረስ ሸኘችን። ማልቀስ ስጀምር ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ለሁልጊዜ መሰለሽ እንዴ? ዙፋን እስክትመጣ ነው። እሷ ስትመጣ አንቺ ትመለሻለሽ» አለችኝ። እንዳላለቅስ ያለችው መሆኑ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን እንደ ውል ያዝኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የምናፍቃት ሰው አንድም ቀን አይቻት የማላውቃት ዙፋን ሆነች።

ቆቦ ስንገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አገሩ ሁሉ ሜዳ ነው፤ የሚደገፉበት ተራራ አጠገቤ የሌለበት ቦታ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። በአክስቴ በር ላይ ጎረቤቶች ጠበቁን። አንዲት ሴትዮ አገጬን ቀና አድርጋ «ይቺ ማናት፣ አሰገደች?» ብላ ጠየቀች።

«ምትኬ ናት» አለች አክስቴ።

«ስንዱ ነኝ» አልኩ እኔ። ድምፄ ቀጭን ስለነበር ይሁን ወይም የልጅ ነገር ስለማይሰማ አላውቅም፣ ሴትዮዋ ጉንጬን ሳመችና «ምትኬ፣ እደጊ፣ እናትሽን ጡሪ» አለችኝ። ስሜ እዚያው ደጃፍ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለወራት በዚያ አገር ስንዱ ብሎ የጠራኝ አልነበረም።

አክስቴን ክፉ ነበረች ብል ውሸት ነው። ከኔ በፊት ጎርሳ አታውቅም። ብቻ ሁሉም ነገር በዙፋን ልክ ነበር። ከሳጥኗ ቢጫ አበባ ያለበት የዙፋንን ቀሚስ አውጥታ አለበሰችኝ፤ ልክክ አለልኝ፤ ልክክ በማለቱም ከፋኝ። ፀጉሬን የዙፋንን አሠራር ሠራችኝ። ዙፋን ግራኝ ስለነበረች ውሃ ስታቀርብልኝ ጣሳውን በግራዬ በኩል ታስቀምጠዋለች። እኔ በቀኜ አነሳዋለሁ። በማግስቱ ግን ያው በግራዬ ነው። ከሷ ጋር ስሆን ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ሦስት የሆንን ይመስለኝ ነበር፤ ከሦስታችን ደግሞ የምበዛው እኔ ነኝ።

የአክስቴን መሬት የሚያርስላት አያ ይመር የሚባሉ ጎረቤት ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ፂማቸው በሂና የቀላ፣ ከሰው ይልቅ ከበሬ ጋር ማውራት የሚቀናቸው። ማሽላው ግንቦት ላይ ተዘርቶ እኔ ስደርስ ጉልበቴን ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ግን መሐል መሐሉ ላይ ባዶ ነበር፤ ጎርፍ ያጠበው፣ ጉንዳን የበላው ቦታ። ዝናብ በጣለ ማግስት አያ ይመር ወሰዱኝና ተጨናንቆ ከበቀለበት እየነቀሉ ይሰጡኛል፣ እኔ ባዶው ላይ እተክላለሁ። ጭቃው እጄ ላይ ይደርቃል። ወገቤን ሲያመኝ ቀና እላለሁ፤ ምድሩ አያልቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ብንሄድ የተከልኳቸው ሁሉ ጠውልገው መሬት ላይ ተኝተዋል።

«ሞቱ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አልሞቱም» አሉ አያ ይመር፣ በሬዎቻቸውን ሳያቆሙ። «አኩርፈው ነው።»

«ማንን ነው የሚያኮርፉት?»

«ማንን ነው ትያለሽ? የነቀላቸውን ነዋ! እኔን ነው። ተያቸው፣ ኩርፊያቸው ሲያልቅ ይነሳሉ፤ ማባበል የለም።»

እውነትም ተነሱ። እኔ ግን እሳቸው ያሉት ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ማታ አክስቴ ያቀረበችውን ሳልበላ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ። ማኩረፌ ነው። አክስቴ ዘመድ የናፈቀኝ መስሏት ይሁን ወይም ሌላ፣ አላባበለችኝም። ራበኝና በላሁ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባሁ። መምህሩ ስሜን ሲጠይቅ አክስቴ ቀድማ «ምትኬ» አለች። ይህ ስም ምን እንደሆነ አጥብቄ ማወቅ የፈለግኩት ያን ጊዜ ነው። ቃሉን አላውቀውም ማለቴ አይደለም፤ ግን ሰው ላይ ሲሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የነገረኝ የለም። የኔ ጥያቄ እሱ ነበር።

መምህሩ ወጣት ነው፣ የመጣውም ከሌላ አገር። «ተካ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው» አለኝና ጠመኔውን አሳየኝ። «ይህ ሲያልቅ ሌላ ጠመኔ አመጣለሁ አይደል? ያ ምትክ ይባላል።»

«ይኼኛው ባያልቅስ? ጠፍቶ ቢሆንስ፣ ከዚያ ቢገኝ?»

«ያኔማ ሁለት ጠመኔ ይኖረኛል!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔን አላሳቀኝም። እናቴ ሁለት ይሆናሉ አላለችኝም፤ አንዷ ትመጣለች አንዷ ትመለሳለች ነው ያለችው። መምህሩ ምንም እንደማያውቅ ደመደምኩ።

ቤተ ክርስቲያን ጥግ የሚቀመጡትን መሪጌታ ጠየቅኩ። የጥንት ቃል የሚጠይቃቸው ልጅ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው «ግዕዙ ህየንተ ነው፣ ህየንተ! ፈንታ ማለት ነው» ብለው ደጋግመው አስባሉኝ። ደስ የሚል ቃል ነው፤ ግን እሱም ስለ መመለስ ምንም አይልም። በገበያ ቀን ከአላማጣ መጥታ ጨው የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፤ አማርኛዋ ከትግርኛ የተቀላቀለ ነው። እሷን ስጠይቃት «በኛማ መተካእታ ነው የሚባለው» አለችና ጨው እየሰፈረች ቀና ብላ አየችኝ። «ናይ መን?» አለች። የማን? ማለቷ ነው። ሌላ ገዢ መጣባትና መልሴን ሳትሰማ ዞረች።

የወደድኩት የአያ ይመርን ነው። እናታቸው ኦሮምኛ ይናገሩ ነበርና ከሳቸው የቀራቸውን ነገሩኝ። «እማዬ በካ ቡኤ ትል ነበር። በካ ቦታ ነው፤ ቡኤ ወረደ ነው። ቦታው ላይ ወረደ ማለት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።» ይህ ገባኝ። እኔም ከደጋ የወረድኩ ነኝ። የወረደ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ዳገቱን ይወጣል፤ ወርዶ የሚቀር ሰው እስከዚያ ድረስ አላየሁም ነበር።

ስለዚህ ዙፋንን መፈለግ የኔ ሥራ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በአስፋልቱ በኩል እዞራለሁ። ያኔ አስፋልቱ ላይ የሚበዛው የወታደር መኪና ነው፤ ሞልቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል። አውቶቡስ ሲቆም ግን በሩ ላይ ሄጄ የሚወርደውን አያለሁ። እኔን የምታክል፣ ግራኝ የሆነች ልጅ። አንድ የጭነት መኪና ረዳት በየቀኑ ሲያየኝ «ማንን ነው የምትጠብቂው፣ እሙዬ?» አለኝ።

«ዙፋንን።»

«ዙፋን ምንሽ ናት?»

ምን ልበለው? እህቴ እንዳልል አላውቃትም። «የኔ ባለቤት ናት» አልኩት። የዕቃ ባለቤት እንደሚባለው ማለቴ ነበር። ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሲስቅ እያየሁት ዕንባዬ መጣ።

ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ወፍ ጥበቃው ተጀመረ። አያ ይመር ከአራት እንጨት ማማ ሠሩ፤ እኔ እዚያ ላይ ወንጭፍና የጭቃ ድብልብል ይዤ እቀመጣለሁ። ጠዋት ወፍ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት፤ ትምህርት በሌለበት ቀን ሙሉውን ወፍ። በየማሳው ማማ አለ፤ በየማማው ልጅ አለ፤ ሲጮሁ ይሰማሉ፣ ፊታቸው ግን አይታይም። ግሪሳው ሲመጣ ሰማዩ ይጠቁርና አገሩ ሁሉ ባንድ ላይ ይጮኻል። ሲሄድ ደግሞ ዝም ነው። ያ ዝምታ ከባድ ነው። ፀሐይ በዞብል በኩል ትወጣለች፣ እኛን ስታነድ ትውልና በግዳን ተራሮች በኩል ትጠልቃለች። የኛ ቤት እዚያ ላይ ነው። ከማማው ላይ ተራራው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ ጭስ ሲወጣ ሳይ የናቴ ነው እላለሁ። ከዚያ ርቀት የትኛው ጭስ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ግን አንዱን መርጬ የኛ አደረግኩት፤ በየቀኑም እሱኑ አየው ነበር። ጥንቅሼን እያኘክሁ አለቅስ ነበር። ማሽላው መሐል ሆኖ የሚያለቅስን ልጅ ማንም አይሰማውም።

አንድ ቀን አንድ ነገር አሰብኩ። ምናልባት ዙፋን ያልመጣችው እኔ ምትክነቱን በደንብ ስላልሠራሁት ይሆናል። ሥራዬን አሳምሬ ብጨርስ እለቀቅ ይሆናል። እና ወንጭፉን በግራ እጄ ያዝኩ። አዙሬ አዙሬ ስለቅቀው ድብልብሉ ወደ ወፎቹ መሄዱን ትቶ ቅንድቤን ፈነከተኝ። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አያ ይመር ስጮኽ ሰምተው እየሮጡ መጡና አቅፈው አወረዱኝ፤ ደህና መሆኔን ሲያዩ «ዘንድሮ ደግሞ ወፉን ትተሽ ራስሽን ነው የምትመቺ?» ብለው ሳቁብኝ። በሻሻቸው ጠርገው ለአክስቴ አስረከቡኝ።

አክስቴ ቁስሌን ስታጥብ «በየት በኩል መታሽ? እንዴት ወዲህ ዞረ?» አለች።

«በግራዬ ወርውሬ ነው።»

«ምነዋ በግራሽ? አንቺ ግራኝ ነሽ?»

«ዙፋን ግራኝ ናት አይደል?»

እጇ ፊቴ ላይ ቆመ። ውሃው በጉንጬ ወርዶ አንገቴ ውስጥ ገባ። ዓይኗን ሳይ ፈራሁ፤ ያጠፋሁ መሰለኝ። ጨርቁን ጨመቀችና ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ጣሳው በቀኜ በኩል ነበር።

ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ የሰው ማሽላ መቆረጥ ጀመረ። የኛም ከፊሉ ደረሰ። እኔ የተከልኳቸው ግን ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ ሌላው ሲቀላ የነሱ ፍሬ ገና ወተት ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ከማማቸው ሲወርዱ እኔ ቀረሁ። ጩኸቱ ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። ወፎቹ ሌላ ቦታ የሚበላ ስላጡ ሁሉም ወደኔ ይመጣሉ። እጮኻለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም። በዚያ ሰሞን የነበረብኝ ብቸኝነት ከዚያ በኋላ ደርሶብኝ አያውቅም። እኔ ሰው የምወድ ሰው አይደለሁም ይሉኛል ልጆቼ። ይሁን፤ ሰው መውደድ ያለብኝን ያን ጊዜ ወድጄ ጨርሻለሁ፣ በሩቅ የሚያልፈውን ሁሉ ማማ ላይ ሆኜ እየወደድኩ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ወጣሁ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሽማግሌዎች ቆመዋል፣ አያ ይመርም አሉ፣ መሪጌታም አሉ፤ አንዲት የማላውቃት የተጎሳቆለች ሴት በመሐላቸው ቆማለች። ይህን ያህል ሰው በዚህ ሰዓት ለምን ይመጣል? ዙፋንን አምጥተዋታል! ያቺ ሴትዮ ይዛት መጥታ ነው፤ ልጅቱ ከኋላ አለች። ወደ ቤት ሮጥኩና ደብተሬንና ከቤት ይዤ የመጣሁትን አሮጌ ነጠላ መጠቅለል ጀመርኩ። እየጠቀለልኩ ሳለሁ አክስቴ ጮኸች።

መርዶ በጎህ እንደሚነገር አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ የዋጃ ሰው ናት። በበሽተኞቹ ድንኳን ውስጥ ከዙፋን አጠገብ ተኝታ ነበር። ልጅቱ እዚያው እንደገባች፣ ብዙም ሳትቆይ፣ በሴትዮዋ እጅ ላይ ሞታለች። ሴትዮዋ ማተቧን ከአንገቷ ፈታ ይዛላት፣ እሷ ራሷ ለሰፈራ ተጫነች፤ ከዚያ ጠፍታ በእግሯ ስትመለስ ነው ቆቦ ላይ የአሰገደችን ቤት ብላ የጠየቀችው። ማተቡን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠቻት። ሰማያዊ ዶቃ ነበረበት። አክስቴ ዶቃውን ታውቀው ነበር።

እኔ ጥቅሌን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ የሚለቀሰው በልብስ ነው። መደቡ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጠፈ፤ ማተቡ ተቀመጠ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና አንዷ «ልብሷ የታለ? የልጅቱ ልብስ ይምጣ እንጂ» አለች።

አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ ሁሉም አዩኝ። ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚስ እኔ ላይ ነበር።

ማንም አውልቂ አላለኝም። ራሴ አወለቅኩት። አንዲት ሴት ቶሎ ብላ በነጠላዋ ሸፈነችኝ፣ ሌላዋ ቀሚሱን ከእጄ ወሰደች፤ መደቡ ላይ እጅጌውን ዘርግተው፣ ሰው የተኛ አስመስለው አስተኙት። ሙሾ ተጀመረ። በሰው ነጠላ ተጠቅልዬ ያንን ቀሚስ ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ዙፋን አትመጣም። እሷ ካልመጣች እኔን የሚለቀኝ የለም። መሬት ላይ ወደቅኩ። «ለምን አልመጣሽም? ዙፋን፣ ለምን ሳትመጪ ቀረሽ?» እያልኩ አፈር ጨበጥኩ። ድምፄ ከሙሾ አውጪዋ በላይ ሄደ።

«አቤት፣ አቤት!» አሉ ሴቶቹ። «አይታት እንኳ የማታውቅ ልጅ! ሥጋ እኮ ነው፣ ሥጋ ምን ይሆናል!» እኔን አይተው ያላለቀሱት ሁሉ አለቀሱ። አንዷ አቅፋኝ «እንዲህ ያለች እህት ለጠላትም አትጥፋ» አለች። የማለቅሰው ለራሴ መሆኑን መናገር ፈለግኩ፤ ግን እንዴት ይባላል? አክስቴ ብቻ አላቀፈችኝም። ከመደቡ ራስጌ ተቀምጣ፣ በበሩ ላይ የጣልኩትን ጥቅል ታየው ነበር።

በሣልስቱ አባቴ መጣ። አባባ እያልኩ ልሮጥ ስል ለቅሶ ቤት ነው ብለው ያዙኝ። አባቴ እንደ ወጉ አልቅሶ፣ እንደ ወጉ ተቀመጠ። እኔን አንዴ ፀጉሬን ዳሰሰኝና እጁን መለሰ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ በተቀመጠበት ለአክስቴ «እግዜር ያጽናሽ። የወሰደው እሱ ነው፣ ምትኳንም ሰጥቶሻል። ይቺን ያሳድግልሽ» አላት።

«አሜን» አለ ሰዉ።

አክስቴ አሜን አላለችም። ድምፅዋ ከማልቀስ ብዛት ጎርንኗል። «አይደለም፣ ወንድሜ» አለች። «ምትክ ያልኳት ትመጣለች ብዬ ነው። ባለቤቷ እስክትመጣ ቦታው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው። አሁን ቦታው የሙት ነው። የሰው ልጅ፣ ያውም የእህቴን ልጅ፣ የሙት ቦታ ላይ አላስቀምጥም። ስንዱን ይዘህ ውጣ።»

አባቴ «እንዴ፣ አሰገደች፣ ባዶ ቤት...» አለ።

«ባዶ ነው» አለች። «ባዶነቱን ልወቀው እንጂ።»

ያን መኸር ሙሉ እኔ ማማ ላይ፣ እሷ ቤቷ ውስጥ ሆነን አንዲትን ልጅ ስንጠብቅ ነበር የከረምነው። ለሷም ቃሉ የሚቆየው ልጅቱ እስክትመለስ ድረስ ነበር፤ ከመምህሩም ከመሪጌታም የተሻለ ትርጉሙን የነገረችኝ እሷ ናት። ባወቅኩ ኖሮ ምናልባት ባንድ ላይ እናለቅስ ነበር። አሁን ግን ሂጂ ተብያለሁ። ከሰኔ ጀምሮ ሌት ተቀን የተመኘሁት ነገር ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባል። አልተደሰትኩም። ከሁለት ቤት የተባረርኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉሬን ፈትታ እንደ ደጋ ልጆች፣ እናቴ እንደምትሠራኝ አድርጋ ሠራችኝ። ከራሷ ጥቁር ነጠላ በስተቀር ቤቷ ያለውን ጨርቅ ሁሉ አውጥታ፣ ከአንዱ ቀሚሷ የሰፋችልኝን አለበሰችኝ፤ በኔ ቁመት ለክታ ትንሽ ስለጨመረችበት ቁርጭምጭሚቴን አለፍ ብሎ ቆመ። «ታድጊበታለሽ» አለች። ቅንድቤን፣ ቁስሉ የነበረበትን ቦታ ሳመችኝ። እኔ አንገቷን ይዤ መቅረት ፈልጌ ነበር። አባቴ «እንሂድ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ» አለ።

ከከተማው ወጥተን የመጨረሻዎቹን ቤቶች አለፍን። የማሽላው አገዳ ተቆርጦ ተከምሯል፤ አገሩ ራቁቱን ሆኗል። ከፊታችን የግዳን ተራራ ነበር። አባቴ ስለ እህቶቼ ያወራኛል፣ እኔ ወደ ፊት ወደ ፊት እሄዳለሁ። ከኋላ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ስንዱ! ስንዱዬ!»

ድምፁ ደጋግሞ ጠራ። ሰምቼዋለሁ። አንዷ እናት ልጇን የምትጠራ መሰለኝና መንገዴን ቀጠልኩ። አባቴ ቆሞ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አትሰሚም እንዴ? አንቺን እኮ ነው የምትጠራሽ።»

ስዞር አክስቴ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ተከትላን መጥታ ኖሯል። ተስፋ ቆርጣ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቷ መመለስ ጀምራለች። «እቴቴ!» ብዬ ጠራኋት፤ ግን ሩቅ ነበረች፣ አልሰማችኝም።